በዋኒታ ቤት የተሰማው ዘፈን

ዘፋኟ ዋኒታ ስፓርክስ ሞታ የተገኘችው በገዛ መለማመጃ ቤቷ ውስጥ፣ ከጡብ ምድጃው ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። ዐይኖቿ አልተከደኑም። መላው ቴነሲ በሸክላ ሽፋን ላይ የሚያውቀው፣ ከግንባሯ ወደ ላይ የሚቆለለው ወርቃማ ፀጉር ከራሷ ተንሸራቶ አጠገቧ ወድቋል። ለካ ሰው ሠራሽ ኖሯል። የራሷ ፀጉር አጭር፣ ሽበት የወረረው ነው።

መርማሪ ኔልዳ ሃስኬት ከደሙ በፊት ያየችው ይህን ፀጉር ነው። አንስታ ልታለብሳት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ የመጣችበትን ሥራ አስታውሳ እጇን ሰበሰበች።

«ወድቃ ነው እንዳትይኝ ብቻ» አለ ሸሪፍ ግሬዲ፣ በሩ ላይ ቆሞ በባርኔጣው ፊቱን እያራገበ።

«አልልህም። ሸሚዟን ተመልከት። ከደረቷ ላይ ቁልፍ ተበጥሷል። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሯታል። ስትወድቅ ማጅራቷ ጡቡን አገኘ።»

«በቃ፣ ያቺ ከናሽቪል የመጣችው ዘፋኝ ልጅ ናት። ሬሳውን ያገኘችው እሷ፣ የዋኒታን ቦታ የምትወርሰው እሷ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሁሉንም ማነጋገር እፈልጋለሁ።»

«አነጋግሪ። ጀምበር ሳትጠልቅ ግን ልጅቷን ይዤ እገባለሁ፤ ጋዜጠኞቹ አጥሩ ሥር ተሰብስበዋል። ለማንኛውም ሴት ለሴት ትግባባላችሁ።»

ኔልዳ የመርማሪነት መታወቂያ እስኪሰጧት የወንዶቹን ሪፖርት ስትተይብ ያረጀች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለውን ንግግር እንደ ካፊያ ታሳልፈዋለች። ዞር ዞር ብላ ክፍሉን አየች። መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል። ግድግዳው ላይ የወርቅ ሸክላዎች ተሰቅለዋል። ቴፕ የለም፤ ሸክላ ማጫወቻም የለም። ጊታሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑም ተቆልፎ ጥግ ላይ ቆሟል።

በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ የነበሩት ከሟቿ ሌላ አራት ሰዎች ናቸው፦ ባሏ ዶይል፣ ሸክላ አሳታሚዋ ሌስተር ግሪን፣ ዘመኗን ሙሉ ከኋላዋ የዘፈነችው አጃቢዋ ማቪስ ታከር፣ እና ሌስተር ከናሽቪል ይዟት የመጣው አዲሷ ልጅ ኮሪ ናፒየር።

ኔልዳ ከልጅቷ ጀመረች። ኮሪ ወጥ ቤት ውስጥ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ቀብራ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ለዛሬ ተብሎ የተገዛ ነው፤ ጫማዋ ግን የቆየ።

«ከየት ነሽ፣ ልጄ?»

«ከኬንታኪ፣ ከተራራው እመቤቴ። አባቴ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ከሰሉ ሳንባውን ጨርሶት ሞተ። እናቴ አለች።»

«ዛሬ የሆነውን ንገሪኝ።»

«ምሳ ስንበላ ሚስ ዋኒታ ብዙ አልተናገረችም። ከዚያ ወደ መለማመጃ ቤቷ ሄደች። እኔና ሚስተር ሌስተር በረንዳ ላይ ቀረን። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ዘፈን ተሰማ። ‹በሩን አትዝጋብኝ›ን እየዘፈነች ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ እሷ እንደሆነች?»

«በሬዲዮ እሷን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን እንደ ዛሬ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም።» የኮሪ ፊት ለአፍታ በራ። «አዝማቹ ላይ ስትደርስ ዜማውን ወደ ላይ ወሰደችው። ሸክላው ላይ እንደዚያ አይደለም። አዲስ አወጣጥ መስሎኝ ሰውነቴን ወረረኝ።»

«ጊታርስ ይሰማ ነበር?»

ልጅቷ አሰበች። «አይ። ድምፅ ብቻ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አፈርኩ፣ እመቤቴ። ‹ይቺን ሴት ነው ተኪ ብለው ያመጡኝ?› አልኩ። ተነስቼ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ያየኝ ሰው የለም። ስመለስ ቦታዎን አልወስድም ልላት ገባሁ። እና...» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «እውነቱን ልንገርዎት? እንደዚያ ለማለት ወኔው እንደነበረኝ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ወደ ቤት ብመለስ የሚጠብቀኝ ነገር የለም።»

ሌስተር ግሪን በረንዳው ላይ እግሩን አነባብሮ ሲጋራ ያጨሳል። በጥሩ ልብስ ስፌት የተሸፈነ ቦርጭ አለው።

«ነይ ተቀመጪ፣ የኔ ማር» አለ። «ዛሬ የካንትሪ ሙዚቃ እናቱን አጣ። ይህን ለጋዜጠኞቹም ብየዋለሁ።»

«ልታሰናብታት ነበር የመጣኸው ይባላል።»

«‹ማሰናበት› አትበዪው። ኩባንያው ለሴት ያለው ቦታ አንድ ነው። ሬዲዮኖቹ ሁለት ሴት አከታትለው አያጫውቱም፤ ‹አድማጭ ይሸሻል› ይላሉ። እሷ ደግሞ ዕድሜዋ እየገፋ ነው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ማን አወጣው?»

ጭሱን ሽቅብ ለቀቀው። «ማንም። ድሮም እንዲህ ነው።»

«ዘፈኑን ሰምተሃል?»

«ሰማሁ እንጂ! በዐሥር ዓመት እንዲህ አልዘፈነችም። ለልጅቷም አልኳት፤ ‹ይህ ድምፅ ዛሬም ካላት ነገውኑ ሸክላ አሳትምላታለሁ› ብዬ።»

«ከዚያ በኋላ የት ነበርክ?»

«የትም አልሄድኩ። ዘፈኑ ካበቃ በኋላ ማቪስ ከወጥ ቤት በረዶ የገባበት ሻይ ይዛ መጣች። ልጅቷ ወደ ሐይቁ ወረደች። እኔና ማቪስ የልጅቷ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ከዚህች ወንበር አልተነሳንም። ዶይል ከፈረሶቹ ጋር ነበር፤ እሱ ከሰው ጋር አይኖርም።»

«ዘፈኑ ሲሰማ ማቪስ አጠገባችሁ ነበረች?»

«አልነበረችም አልኩሽ፤ ሻይ ስታፈላ ነበራ።» ሳቅ አለ። «ማቪስን ትጠረጥሪያለሽ? እሷ እኮ ዝንብ ስታባርር ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ዶይል ስፓርክስን ጋጣው ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነው። የፈረስ ብሩሽ ይዟል እንጂ አይቦርሽም።

«ሚስተር ስፓርክስ፣ ከመሞቷ በፊት የዘፈነችውን ሰምተሃል?»

ቀና ብሎ አያት። «ማን? ዋኒታ?»

«ሌስተርና ልጅቷ ሰምተዋል። ‹በሩን አትዝጋብኝ›ን፤ አዝማቹን በጣም ከፍ አድርጋ።»

«አይሆንም» አለ ዶይል።

«ለምን አይሆንም?»

«ጉሮሮዋ ላይ እባጭ በቅሏል። ስታወራ አይታወቅም፤ ከፍ አድርጋ ልትዘፍን ስትል ግን እንደ ደረቅ እንጨት ይሰነጠቃል። ሐኪሙ ‹ካልተውሽው ማውራትም ያቅትሻል› ብሏታል። ማንም እንዳያውቅ አስምላናለች። ሌስተር ካወቀ ያን ቀን እንደሚጥላት ታውቃለች።»

«‹አስምላናለች› አልክ። ሌላ ማን ነበረ?»

«ማቪስ። ከእሷ ምን ይደበቃል?»

«ጊታር ሳትይዝ ትዘፍን ነበር?»

«ዋኒታ? ጊታር ካልያዘች እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም ነበር።» ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፈረሱ ማኘኩን ቀጠለ።

ማቪስ ታከር ፎቅ ላይ፣ የልብስ ክፍል ውስጥ ነበረች። የዋኒታን ነጭ የመድረክ ቀሚስ ትተኩሳለች። የሚያብለጨልጩት ፈርጦች እንዳይቃጠሉ በስስ ጨርቅ ሸፍናቸዋለች።

«የምትቀበርበትን ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ዶይል አያውቅበትም፤ ቡናማውን ነበር የሚያለብሳት። ቡናማ ትጠላ ነበር።»

ዕድሜዋ አርባ ገደማ ነው። መልኳ ደህና ነው፤ ግን ዞር ሲሉ የሚረሳ ዓይነት መልክ ነው።

«ከእሷ ጋር ብዙ ዘመን ዘፍነሻል፣ ሚስ ማቪስ።»

«ከእሷ ጋር ሳይሆን ከኋላዋ። በስተግራ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ቦታዬ ያ ነው።»

«እኔም ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ድምፅ ነበርኩ» አለች ኔልዳ። «እናቴ ‹ዜማውን ሌላ ትያዘው፣ አንቺ ደግፊያት› ትለኝ ነበር። ከባድ ነው።»

የማቪስ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «መዝፈኑ አይከብድም፤ መጥፋቱ ነው የሚከብደው። እሷ ስትተነፍስ መተንፈስ፣ እሷ ስትቆርጥ መቁረጥ። ጎበዝ ሁለተኛ ማለት መኖሯ የማይታወቅ ናት።»

«ብቻሽን ዘፍነሽ አታውቂም?»

ካውያው ለቅጽበት ቆመ። «ማን ሊሰማኝ?» አለች፤ እንደገናም መተኮሷን ቀጠለች።

ኔልዳ ደረጃውን ወረደች። አንድ ነገር ገብቷት ነበር፤ ባይገባት በወደደች።

ጀምበሯ ወደ ኮረብታው ስታዘቀዝቅ፣ ሸሪፉ ኮሪን ሊወስድ ሲነሳ ኔልዳ ክንዱን ያዘችው። «መጀመሪያ ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ። ከተሳሳትኩ ልጅቷን ውሰዳት።»

ተሰበሰቡ። ዶይል መስኮቱ ዘንድ ቆመ። ሌስተር ሶፋውን ብቻውን ሞላው። ኮሪ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ማቪስ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ኔልዳ ከመደርደሪያው የዋኒታን ሸክላ አውጥታ ማጫወቻው ላይ አኖረችው፤ ገና አላስነሳችውም።

«እስካሁን ሁላችንም አንድ ነገር አምነናል» ብላ ጀመረች። «ዋኒታ ዘፈነች፤ ዘፈኑ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ገደላት። ይህ እውነት ከሆነ ሌስተርና ማቪስ አብረው ስለነበሩ ነፃ ናቸው፤ የሚቀሩት ዶይልና ኮሪ ናቸው። ሸሪፉ ኮሪን የሚለው ለዚህ ነው።»

«ሌላ ምን አለ ታዲያ?» አለ ሸሪፉ።

«ጊታሩ አለ። ጊታር ካልያዘች የማትዘፍነው ዋኒታ ዛሬ በባዶ ድምፅ ዘፈነች ተባለ። ጊታሩ ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ያን ጊዜ ተጠራጠርኩ። ዶይልም ሌላ ነገር ነግሮኛል። ጉሮሮዋ ታሞ ነበር። ከፍ ያለ ዜማ ማውጣት አትችልም ነበር።»

ሌስተር ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ምን? ለእኔ ሳይነገረኝ?»

«ለአንተ ነው ያልተነገረው» አለ ዶይል ሳይዞር።

«ስለዚህ ኮሪና ሌስተር የሰሙት የዋኒታን ድምፅ አልነበረም» አለች ኔልዳ። «ክፍሉ ውስጥ ቴፕም ሸክላ ማጫወቻም የለም። በሕይወት ያለ ሰው ነው የዘፈነው። የዘፈነው ሰው ሲዘፍን ዋኒታ እግሩ ሥር ወድቃ ነበር።»

ኮሪ አፏን በእጇ ያዘች።

«ልጄ፣ አንቺ ጥሩ ጆሮ አለሽ። የሰማሽውን አዝማች ልክ እንደሰማሽው አሰሚኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠራ፦

«መንገዱ ቢረዝም፣ ጫማዬ ቢያልቅም፣
በሩን አትዝጋብኝ፣ መምጣቴ አይቀርም...»

«እሱ ነው!» አለ ሌስተር። «ልክ እንደዚያ ከፍ ብሎ ነበር።»

ኔልዳ መርፌውን አዝማቹ ላይ አሳረፈችው። የዋኒታ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ዜማው ግን ኮሪ ከዘፈነችው ዝቅ ያለ ነው። «አሁን ከሸክላው ጋር አብረሽ ድገሚው» አለቻት። ኮሪ ደገመችው። ሁለቱ ዜማዎች ተቃቅፈው ሄዱ፤ ያኔም ሁሉም ሰማ። ከዋኒታ ድምፅ ጀርባ፣ ሸክላው ውስጥ፣ ቀጭን ሌላ ድምፅ ኮሪ የዘፈነችውን ያንኑ ይዘፍናል። ሀገር ሁሉ ያንን ሸክላ ሲሰማ ኖሯል፤ ያንን ድምፅ የለየው ሰው ግን አልነበረም።

ኮሪ መዝፈኗን አቋረጠች። «አዲስ አወጣጥ አልነበረም» አለች በሹክሹክታ። «ሁለተኛው ድምፅ ነው።»

ኔልዳ መርፌውን አነሳች። «ገዳይዋ የዋኒታን ድምፅ አስመስላ ጀመረች። ማንም ሊለያት አይችልም ነበር፤ ሥራዋ ይኸው ነውና። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ግን አፏ ወደለመደበት፣ ወደ አጃቢዋ ከፍ ያለ ዜማ ሄደ። ከዚያ በጀርባ መንገድ ወጥ ቤት ገብታ ሻይ ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች።» ወደ በሩ ዞረች። «ሚስ ማቪስ፣ ተሳስቻለሁ?»

ማቪስ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳጣጠፈች ቀረች። አልካደችም።

«በመስኮት በረንዳው ላይ አየኋቸው» አለች በዝግታ። «በሕይወት ያለች ይምሰላቸው ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ለምን እንደምዘፍን ረሳሁት። አዝማቹ ላይ ስደርስ... ዜማውን እስክትይዝልኝ ጠበቅኳት። ሞታ እንኳ ጠበቅኳት።»

«አንቺ?» አለ ዶይል። «አንቺ፣ ማቪስ? ገበታችን ላይ በልተሽ?»

«መግደል አላሰብኩም ዶይል። በእግዚአብሔር ስም አላሰብኩም። ካሁን ካሁን ተራዬ ይደርሳል እያልኩ ነው ያረጀሁት። ጉሮሮዋ ሲታመም፣ መድረክ ላይ እሷ አፏን ስታንቀሳቅስ ከፍ ያለውን እኔ እዘፍንላት ነበር። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ድምፁ የኔ ነበር። እና ዛሬ ጧት ሌስተር ግቢው ውስጥ ጠርቶ ነገረኝ። ‹ዋኒታን ስላንቺ ጠይቄያት፣ ማቪስ ከፊት የምትቆም ሴት አይደለችም፣ ልጅቷን ውሰዱ አለችኝ› አለኝ። ሄጄ ጠየቅኳት። ‹አላልኩም› አለች። ‹ውሸታም› አልኳት። ‹አላልኩም፣ ማቪስ› እያለች ትጠጋኛለች፤ ልታቅፈኝ ትሞክራለች። ገፈተርኳት።»

ኔልዳ ወደ ሶፋው ተመለከተች። «ሌስተር፣ ዋኒታ እንደዚያ ብላ ነበር?»

ሰውየው ክራቫቱን አላላ። «ነገሩ...»

«ብላለች ወይስ አላለችም?»

«አላለችም። እንዲያውም ‹ማቪስን በእኔ ቦታ ከፊት ካላቆምክ የመልቀቂያ ፊርማዬን አታገኝም› ብላ ስታደርቀኝ ነው የከረመችው። ምን ላድርግ? አርባ ዓመት የሞላትን አዲስ ዘፋኝ ለማን ልሽጥ? እምቢታው ከሴት አፍ ቢመጣ ይቀላታል ብዬ ነው። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ገፍትሪያት አላልኩም!»

ማቪስ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ብቻ ጎንበስ አለች፣ ጎንበስ አለች፣ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ። ከውስጧ የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይባልም። ስለ እሷ የተከራከረችላት አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷንም በገዛ እጇ ገደለቻት።

«እና የሰማሁት...» አለ ሌስተር ድንገት እንደነቃ ሰው። «ያ በረንዳው ላይ የሰማሁት ድምፅ የማቪስ ነበር?»

«የእሷ ነበር» አለች ኔልዳ። «ነገውኑ ሸክላ አሳትምላታለሁ ያልከው።»

ሌስተር ሲጋራውን አጠፋ። ማቪስም ይህን ትስማ አትስማ አልታወቀም።

ሸሪፉ ካቴናውን ሲያወጣ ኔልዳ ተቀበለችውና እሷው አሰረቻት፤ በጣም ሳታጠብቅ። ሲወጡ ጋዜጠኞቹ አጥሩን ተደግፈው ካሜራቸውን ደቀኑ። ሸሪፍ ግሬዲ ባርኔጣውን አስተካክሎ ፊታቸው ቆመና ገዳይዋን እንዴት እንደደረሰባት ማስረዳት ጀመረ።

ኔልዳ ማቪስን መኪናው ውስጥ ካስቀመጠች በኋላ ኮሪን ግቢው መሃል ቆማ አየቻት። አሮጌ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ወደ እሷ ሄደች።

«ሌስተርን ልትከሱት አትችሉም?» አለች ልጅቷ።

«በምን? በመዋሸት የሚያስር ሕግ የለም።»

«አሁን ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ሰኞ ስቱዲዮ ግቢ፤ ለዋኒታ መታሰቢያ ያንኑ ዘፈን እናስቀርፅሻለን፤ ሕዝቡ አሁን ነው የሚገዛው› አለኝ። ከኋላዬ የምትዘፍን ሴት እየፈለገልኝ ነው።» ዐይኖቿ ደርቀዋል። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር፣ እመቤቴ?»

ኔልዳ ወደ ተራራው፣ ወደ እናትሽ ተመለሺ ማለት ፈለገች፤ በከሰል አገር አንዲት ልጅ ምን እንደሚጠብቃት ግን ታውቃለች። አትሂጂ ልትላት ፈለገች፤ በአትሂጂ ፈንታ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች።

የሌስተር መኪና ጡሩምባ ነፋ። ኮሪ ሻንጣዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ወደ ከተማ የሚሄድ ሌላ መኪና የለም» አለች፤ ሄዳም መኪናው ውስጥ ገባች።